ሃያ አራት ኩርባ

ሎይዜ ይባላል። አርባ ዓመት አውቶቡስ
ሲያወጣ ሲያወርድ፣ በረዶው ሲመለስ፣
ሲጋገር፣ ሲቀልጥ፣ ቭርሺች ላይ የኖረ፤
አምና ግን ዓይኑ ላይ ጉም ወርዶ አደረ፤
መንጃ ፈቃዱንም ነጠቁት በጥቅምት፤
ቁልፉ ተሻገረ ወደ ጎረቤት፣

ወደ እኔ፣ ነዣ። ሃያ ሦስት ዓመቴ፤
አውቶማቲክ ብቻ የለመደ ባቴ፤
ግራ እግሬ እንደ አማች ተጎልቶ የሚውል፣
"ፍሪሲዮን ርገጥ" ሲሉት ግር የሚል።

መኪናዋ ሬኖ ናት፣ ካትርጻ ይሏታል፤
የማርሿ ዘንግ ከዳሽቦርድ ይወጣል፣
ጫፉ ቆልመም ያለ፣ የዣንጥላ እጀታ፣
በመሳብ፣ በመጠምዘዝ፣ በመግፋት የሚረታ።

ከኋላ ወንበር ላይ ሽቴፍካ ተጋድማለች፣
ሚስቱ። በሁለት ትራስ ታጥራለች።
ወገቧን ከቀደዷት ገና ሦስት ሳምንት፤
የሴኒጼ ሐኪም ቤት ክሩን ሊያወጡላት
ከትሬንታ ተነሥተን፣ ጫፉን ረግጠን፣
አሁን ቁልቁለት ነው፤ ሃያ አራት ኩርባ ቀረን።

"24" ይላል ታፔላው፤ ከሥሩ
ድንጋይ የለበሰ፣ የታጠፈ ዳሩ።
ፍሬን ያዝኩ። ፍሪሲዮን። ከሦስት ወደ ሁለት።
እግሬን አነሣሁት፣
በአንዴ ለቀቅሁት፦
ካትርጻ እንደ ተጠለፈች በቅሎ አፍንጫዋን ደፋች፤
ትራሱ ወደቀ።
                         ሽቴፍካ ግን ዝም።
በመስተዋት አየሁ ጥርሷ ሲገጥም።

ሎይዜ አልተቆጣም። ዳቦውን ገመጠ፣
አላመጠ፣ ዋጠ፦
"ጎማው እየሮጠ ሞተሩ ተኝቷል፤
የተኛን ሰው በጥፊ አስነሥተሽ 'ሩጥ!' ብትዪው ይወድቃል።
መጀመሪያ ስሙን ጥሪው። ነዳጁን ንኪ፤
እስኪነቃ ጠብቂ፤ ከዚያ ከጎማው ጋር አያይዘሽ ልኪ።"

"ፍሬኑን ሳልለቅ፣ ነዳጁን በምን እግር?"
"በዚያው!" ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ በአየር ላይ አሳየኝ፦
ጣቱ ፊት ለፊት ተጭኖ፣ ተረከዙ ወደ ጎን ዘወር፣
አንድ እግር፣ ሁለት ሥራ።
አውራ ጣቱ ላይ ካልሲው ቀዳዳ ነበር።

ሃያ ሦስት፦ ነዳጁ ዘገየ፤ ተንገጫገጭን።
ሃያ ሁለት፦ በዛ፤ ሞተሩ ፎከረ፤ ብስክሌተኛ ሰደበን።
ሃያ አንድን አላስታውሰውም።
ሃያ ላይ ተረከዜ ነዳጁን ሲፈልግ ጣቴ ፍሬኑን ረሳ፤
ሎይዜ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ድምፁን እንኳ አላነሣ።

"ነጅ ማለት" አለኝ ቆይቶ፣
"ተሳፋሪ የማያውቀውን ሥራ የሚሠራ።
በአርባ ዓመት አንድ ሰው 'ማርሽ ስትቀንስ አመሰግናለሁ' አላለኝም፤
እኔም በዚያ ነበር የምኮራ።"

አሥራ አንድ ላይ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣
ጣቴ ሲጫን፣ ተረከዜ ሲያስታውስ፣
ሞተሩ አንዴ ብቻ "አቤት" ብሎ ሲመለስ፣
ዘንጉ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳው ውስጥ ገባ።
ግራ እግሬን ቀስ ብዬ አነሣሁ።
ምንም አልሆነም።
ምንም!
ለዚህች ለምንም ነው አሥራ ሦስት ኩርባ ያላበኝ፤
ይህንን ምንም ነው ሰውየው ያስተማረኝ።

ስምንት ላይ የእንጨት ጸሎት ቤት አለች፣
መንገዱን ሲጠርቡ ናዳ ለበላቸው የሩሲያ ምርኮኞች የቆመች፤
ሎይዜ እዚያ ሲደርስ ቆቡን ያወልቃል።
ዛሬም አወለቀ። አንገቱን ወደ ኋላ መለሰ፤
ያ ጉም ያለበት ዓይኑ ትራስ እንጂ ፊት አይለይም።
"ተኝታለች?" አለ፣ በሹክሹክታ።
በመስተዋት አየኋት፦ ዓይኗ ፈጦ፣
ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ በፈገግታ።
"ተኝታለች" አልኩት።

ያኔ ነው ያየሁት፦ ከጫፍ ጀምሮ
ባዶውን ወለል፣ ፍሬን በሌለበት፣
በካልሲ እግሩ ሲረግጥ መቆየቱን።
አነሣው። ጫማውን አጠለቀ።
ሦስት ላይ አዛጋ። አንድ ላይ አንኮራፋ።

ከኋላ፣ ከትራሱ ሥር፣ ድምፅ መጣ፣ ቀጠን ብሎ፦
"ሰባት ላይ" አለች ሽቴፍካ፣
"ትንሽ ዘግይተሻል።"