የርክክብ ቅጽ

ከፒያሳ ቁልቁል፣ ወደ ድልድዩ ሲወርዱ፣
በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ቤት አለ ጋደም ያለ በክንዱ።
የወረዳ ሠራተኛ ነኝ፤ ሜትር አለኝ፣ ቅጽ አለኝ፣
«ለክተህ ጨርስ ከሰዓት በፊት» ብሎ አለቃዬ የላከኝ።
ነዋሪው ለቆ ሄዷል፣ ወደ ኮዬ ፈጬ ማዶ፣
ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ፣
መዝጊያውን ከነመቃኑ ነቅሎ ወስዶ።

ግድግዳውን በጥፍሬ ስፍቀው፣
ከቀበሌው ሰማያዊ ሥር የአናጢው አረንጓዴ፣
ከአረንጓዴው ሥር የጣሊያን ቢጫ ተላጠልኝ በዘዴ፤
ከሁሉም ሥር ኖራ፤
ኖራው ላይ በከሰል፣ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ፣
ከ«ሀ» ተነሥቶ «ረ» ላይ የቀረ የፊደል ተራ።

ጋሽ ወርዶፋ ዘበኛው፣ ከበርሜሉ ላይ ሳይነሣ፣
«የሴት ልጆች አዳሪ ቤት ነበር አሉ» አለኝ፣
«ከጣሊያን በፊት፤ ማን ያስታውሳል፣ ተረሳ!»
ደግሞ በከዘራው የጣውላውን ወለል መታ፤
ከሥሩ ባዶ ድምፅ መጣ።
ጎንበስ ብዬ ሳነሣው፣ በሰሌን የተጠቀለለ፣
ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፣ መዝገብ አለ።

፲፰፻፹፱ ዓመተ ምሕረት፤ አርዕስቱ በቀይ ቀለም፤
«የአዳሪ ልጃገረዶች ስም»፤ ማኅተም የለውም።
ጸሐፊዋ እመት ትብለጽ፣ ከሐማሴን የመጣች በበቅሎ ጀርባ፣
ስድስት ሰሌዳ፣ አንድ ደወል ይዛ፣ መርፌ አርባ።
በኅዳጉ ላይ ዕዳዋ፦ «ለላምባ፣ ሩብ ብር፣ ከጎረቤት»፤
ቀጥሎ በደቃቁ፦ «ጎረቤት ይስቃል፤ ፊደል ወጥ አይሆንም ይላል ለሴት»።

ስም፣ አገር፣ የገባችበት ቀን። መጨረሻው ዐምድ «ምክንያት» ነው፤
ለምን እንደ ወጣች። ከአንድ ቃል በላይ አያስገባም፤ ጠባብ ነው።
ውብዳር፣ ከቡልጋ፦ ተዳረች።
አሰገደች፣ ከእንጦጦ፦ ተዳረች።
ወለተ ሥላሴ፣ ዕድሜ ዐሥራ አንድ፦ ተዳረች።
የሺመቤት፣ የነጋድራስ አሽከር ልጅ፦ እናቷ ወሰደቻት እያለቀሰች።
ማንኛዋ እንዳለቀሰች፣ አይልም።
ጫልቱ፣ ከገበያ የተዋጀች፣ አገር፦ «ረስታዋለች»፤
ምክንያት፦ ፈንጣጣ።
ከሷ በታች አምስት ስም፣ በአንድ ሳምንት፣ አምስት ጊዜ ፈንጣጣ፤
ብዕሯ አልተንቀጠቀጠም፤ ከመስመሩም አልወጣ።

ገጹን ስገልጥ፣ እጁ ተለወጠ።
ፊደሉ ሰፋ፣ ጎበጠ፣ ከመስመሩ አመለጠ።
ስም፦ ትብለጽ። አገር፦ ሐማሴን። ምክንያት፦ ዐረፈች።
ከሥሩ፣ ስም፦ ዲንቂቱ። አገር፦ ባዶ።
ምክንያቱ ግን ከዐምዱ ወጥቶ፣ ኅዳጉን ዞሮ፣
የላምባውን ዕዳ ተሻግሮ፦
«እኔ ነኝ የጻፍሁት። ሌላ የቀረ የለም።
በሩን ዘግቻለሁ። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ሃያ ነጭ ገጽ።

ከውጭ ኤክስካቫተሩ ሞተሩን አሞቀ።
ቅጼን አወጣሁ። ስፋት፣ ሞላሁ። የግድግዳ ዓይነት፣ ሞላሁ።
ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ «የቤቱ ቁልፍ ተረክቧል?»
ሁለት ሣጥን ነው ያለው፤ ሌላ ጊዜ ሳላስብ እሞላዋለሁ፣
ዛሬ እስክሪብቶዬ ደረቀ።
እፍ አልሁበት፤ በመዳፌ አሻሸሁት፤
«አልተረከብንም» ብዬ፣ በጎኑ ጨመርሁበት፦
ዲንቂቱ ዘንድ ነው።

«ዲንቂቱ ማናት? አድራሻዋስ?» ይለኛል ነገ አለቃዬ።
መልሱን አዘጋጅቻለሁ፦
ዐምዱ ጠባብ ነው፣ ጌታዬ።