እንዳወጣሽው መልሺው

ጅማ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ጥላ፣
ጠብታ ያረገዘ ቅጠል፣ እርጥብ የዛፍ ገላ።
ይህኛው ሌላ ነው፤ ከሰኮሩ ወርዶ
ግቤን ቁልቁል የሚያይ፣ ወገቡ ተቀዶ፣
አጥንቱ የወጣ፣ ሣሩ የተላጨ፣
የካቲት ነክቶት ጥርሱን ያፋጨ።

የመጣሁት ልጽፍ ነው፤ ቅጽ አለኝ በእጄ፣
መዶሻና ሜትር፣ አካፋም ይዤ፣
ትንሽ የአሲድ ጠርሙስ፣ የቀለም መጽሐፍ
ቀዩን ከቀይ ለይቶ በቁጥር የሚጽፍ።
መንገድ የሚመሩኝ አባ ዲኮ ናቸው፤
ሰባ ሊሞላቸው ነው፣ ፍየል ነው ጉልበታቸው።
“ይሄ እኮ ሜዳ ነው” አሉ ትንፋሽ ሲያጥረኝ፤
የተዳፋት መለኪያው “ሠላሳ ስምንት” አለኝ።

ከግራሩ ሥር ቆፈርን። አካፋው አፏጨ፣
ከጭንጫው ሲላተም ብልጭታ ረጨ።
አንድ ስንዝር ጥቁር፣ ያውም ሳይሞላ፤
ከዚያ ቀይ፣ እንደ ጡብ፣ ሸክላ በሸክላ፤
ከዚያ ግራጫ አለት፣ ግማሹ የበሰበሰ፣
የግራሩ ሥር ራሱ ነክቶት የተመለሰ።

አሲድ ጠብ አደረግኩ፤ አልፈላም፣ ዝም አለ፤
ኖራ የለበትም፤ በቅጹ ላይ ዋለ።
ምራቅ በመዳፌ፣ አፈር በመዳፌ፣
ለውሼ ጎተትኩት በአውራ ጣት ጫፌ፤
ክሩ ሦስት ሴንቲ ሄዶ አበቃ በራሱ፤
አባ ዲኮ ደግሞ ቆንጥረው ቀመሱ።
“ጨው የለውም” አሉ፤ “ላም አትወደውም።
ፍየል ግን ምን ገዷት? እሷ አፈር አትጠይቅም።”

ሦስቱን በላስቲክ ቋጥሬ ቁጥር ጻፍኩባቸው።
“ይሄ ጋራ ስም አለው” አሉኝ፤
አልጠየቅኳቸው።

ወዲያ ማዶ፣ ልጃቸው ነዚፍ ያረሰው አለ፣
አምና በቆሎ ዘርቶ፣ ሐምሌን አምኖ የዋለ፤
ሐምሌ ግን በአንድ ሌሊት ጥቁሩን ጠቀለለ።
ያቺን አንድ ስንዝር ለግቤ አጎረሳት፤
በቆሎው እንደቆመ፣ ከሥሩ ሾልካ ሄደችበት።
ነዚፍ አሁን ጅማ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል አሉ።
ያን ማሳ ሲያነሡ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፣
ሕመምተኛ እንደተኛበት ቤት።

ቅጹ አራት ሣጥን አለው፦
በጣም ምቹ። መካከለኛ። በጭንቅ። የማይሆን።
“ለእርሻ” ከሚለው ግርጌ የመጨረሻውን
ሞላሁት። “ለግጦሽ” ላይ ሦስተኛውን።

“ምን ብለሽ ጻፍሽበት?” አሉ፣ ወደ ቅጹ አጎንብሰው።
“የማይሆን” አልኩ። ጠጠር አነሡ፤ ዝም፤ አኖሩት መልሰው።
“ሰው ቢሆን” አሉ ኋላ፣ “ይህ ቢጻፍበት
ማን ልጁን ይድርለታል?” ሳቄን ዋጥኩበት።

ከዚያ ይነግሩኝ ጀመር፦ ሚያዝያ ሲጠባ
በአለቱ ስንጥቅ መሐል ስለምትገባ
አንዲት አጭር ሣር፤ ለወለደች ፍየል ወተት የምታወርድ፣
ዝናብ እስኪመጣ በጤዛ የምትነግድ።
ስሟን ሁለቴ ነገሩኝ። ጻፍኳት በኅዳጉ፤
ለእሷ የሚሆን ሣጥን የለም በሕጉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጉድጓዱን ልደፍን
አንድ አካፋ ሙሉ ወረወርኩ፣ ያገኘሁትን።
“ቆይ!” አሉኝ። “ቆይ። እንዳወጣሽው መልሺው።
ድንጋዩን አስቀድመሽ፣ ቀዩን አስከትለሽ፣
ጥቁሯን በመጨረሻ፣ በእጅሽ በትነሽ።
ጣሪያን ከመሠረት በታች ማን ይቀብራል?”

እኔ ግን ስቆፍር ደባልቄው ነበር፣
ቀይ ከጥቁር ጋራ፣ ጥቁር ከጠጠር።
እየለቀምን መሸ፤ እሳቸው በጣታቸው፣
እኔ በስልኬ መብራት፣ ተንበርክኬ አጠገባቸው።
ግማሹን እንኳ አልለየነውም።

በነሐሴ ተመለስኩ፣ የረሳሁትን ልለካ።
ጋራው አረንጓዴ ለብሷል፣ እንደ ደንቡ፣ ለካ።
አንድ ቦታ ብቻ፣ ሜትር በሜትር፣
ራሰ በራ፣ ቀይ፣ ከሩቅ የሚታይ።
ዙሪያውን የግራር እሾህ አጥረውበታል፤
ፍየሎቹ ሲደርሱ ዞረውት ያልፋሉ።

ምንም ሳልጠይቅ፣ አባ ዲኮ፣
“እስኪድን ነው” አሉ።