የመዳብ ጆሮ

ሠላሳ አንድ ዓመት በወረቀት ፋብሪካ፥
የሮለሩ ጩኸት ጆሮውን ሲነካካ፥
ከግራው ጀምሮ ቀኙንም ጎትቶ፥
አባቴ ሚሰማኝ ከንፈሬን አይቶ።

መስመር ሦስት ሲዘጋ በመስከረም ጠዋት፥
ሰጡት ግማሽ ኬክና የግድግዳ ሰዓት።
ቫርካውስ ላይ በረዶ ቀድሞ ጀመረ፥
እሱም ጋራዥ ወርዶ ከሳቡ ጋር አደረ።

ሳብ ነው መኪናችን፤ ጎኑን ዝገት ልሶታል፤
ሳብ ሲሉት ያስላል፥ ሰማያዊ ጢስ ይተፋል።

ወጥ ቤታችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤
ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፥ ወለሉ ያበጠ ነው።
እናቴ ማርኬታ በብስኩት ቆርቆሮ
ለወለሉ ብላ ያስቀመጠችው ዩሮ፥
አንድ ቀን በፖስታ በካርቶን ተጠቅልሎ
ከቤታችን ገባ፥ ቀንድ አውጣ መስሎ።
ከፍታ አየችና "ወለሌ ይህ ነው?" አለች፤
ለሳምንት ከእሱ ጋር ስለ ድንች ብቻ አወራች።

እኛ ግን ጀመርን። ቡሎኑን በእሳት አግለን
ሦስቱን ያለ ጠብ፥ ያለ ስድብ ነቅለን፤
አራተኛው አንገቱ ከእጃችን ተቀነጠሰ፤
አባቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ አበሰ።
ጓርኒሲዮን አዲስ፥ ካንዴላ አዲስ፥ የዘይት ቱቦ አዲስ፤
የእጄ ሽታ አይለቅ በሳሙና ባብስ።

"ነገሩ ቀላል ነው" ይላል በጣቱ እያሳየ፤
"ጢስ ነው፥ የተጣለ፥ ከቤት የተለየ፤
ሲወጣ በመንገዱ መዘውር ያዞራል፥
መዘውሩ አየር አፍሶ ለሞተር ያጎርሳል።
የተባረረ ነው መኪናውን የሚጎትተው።"
ብሎ የያዘውን ቁልፍ ደጋግሞ ወለወለው።

ከዚያ ክንድ የሚያህል የመዳብ ቱቦ ቆረጠ፥
ጫፉን በመዶሻ እንደ ምላስ ደፈጠጠ፤
በስቶ ከሞተሩ ጎድን ጋር በቡሎን አሰረው፥
ላስቲክ ቀጥሎበት ጋቢና አሾለከው።
ዳር ላይ የሰካበት የጆሮ መሸፈኛ
ፋብሪካው የሰጠው፥ ዘመኑን ምስማር ላይ የተኛ።

ራሴ ላይ ደፋው። "ቤንዚን ያለ ጊዜው ከፈነዳ
አተር ቆርቆሮ ላይ ይወድቃል፤ ፒስተን የሚጎዳ።
እኔ አልሰማውም። ስትሰሚ እጄን ንኪ።"
በኛ ቋንቋ ነፋስ ነው ስሜ፥ ቱሊኪ።

ጥር ነው። ከዜሮ በታች ሃያ አራት።
የዮሮይነን መንገድ፤ ጥድ፥ በረዶ፥ ጽልመት።
ጉልበቴ ላይ ላፕቶፕ፥ ጆሮዬ ላይ መዳብ፤
እግሩን ጫን ሲያደርገው —
ሳብ!
ውርጭ ያወፈረው አየር ሞተሩን ሲሞላው፥
ወንበሩ ጀርባዬን እንደ በር ሲመታው፥
ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ባር። አንድ። አንድ ነጥብ ሁለት።
መርፌው ሽቅብ፤ የአባቴም ፊት ወደ ልጅነት።

አንድ ነጥብ ሦስት ላይ፥
ጠቅ።
ጠቅ ጠቅ።

"አባ!" አልኩ፤ ጨለማ ነው፥ ከንፈሬን አያይም፤
ጩኸቴ በረዶ ላይ ወደቀ፥ እሱ ጋ አልደረሰም።
ማርሹ ላይ የነበረ እጁን ያዝኩት።

ዳር ይዞ አቆመና የጣሪያውን መብራት አበራ፤
አፌን እያየ፥ "ስንት?"
"ሦስት።"
"ከጎማው ጠጠር እንዳይሆን?" ... "አይደለም።" ከእኔ ጋራ
ትንሽ ተያየና ዓይኑ ወደ መርፌው ዞረ፤
አንድ ነጥብ አራት ላይ በእጁ የሳለው ቀይ መስመር ነበረ፤
እዚያ ሊደርስ ነበር ወለሉን የሸጠው።
ላፕቶፑን ተቀብሎኝ
አንድ ነጥብ አንድ ብሎ በአንድ ጣት ጻፈው።

ቤት ስንደርስ ሞተሩን ወዲያው አያጠፋም፤
የጋለ ቱርቦ በድንገት ዝም ማለት አይወድም።
መዳፉን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርጎ ቆየ።
"አሁንስ ምን ይላል?" አፌን እያየ።
"ይተነፍሳል" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።
ከዚያ ቁልፉን ነቀለ፥ መብራቱም አለቀ።

እናቴ ድንች ቀቅላ ቆየችለት፤
መሸ አላለችም፤ ወንበር ሳበችለት።
መሸፈኛው ገና አንገቴ ላይ ነው። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

ጠብ።
ጠብ ጠብ።

እጁን ነካሁት።