ከስም በኋላ ያለች «ዘ»

ክረምት ነው በጎንደር። ከቀሃ ወንዝ ማዶ
የዕቃ ቤቱ ቆርቆሮ በሦስት ጎን ተቀዶ፣
እኔ ከጆንያ ላይ፣ የኔታ ከመደብ፣
አንድ ጧፍ ለሁለት ይዘን ስንመዘግብ፣
«ጎርጎርዮስ ይላል» አልኩ።
«የቱ?» አሉኝ የኔታ።
«ጎርጎርዮስ ነዋ!» አልኩ፣ ላፌ ሳልሰጥ ፋታ።
አንዱን ሳጥን ብጨርስ አምስት ሳጥን ቀርቷል፣
የደብሩም አለቃ «እስከ ፍልሰታ» ብሏል።

የኔታ ጥዑመ ልሳን ዓይናቸው ፈዟል፤
ድዳቸው ግን ሲስቅ ከሩቅ ይታያል።
«ስም ጋቢ ነው ልጄ፣ አራት ሰው ይለብሳል፤
ጋቢውን ያየ ሁሉ ሰው ያየ ይመስለዋል።
ከስሙ በኋላ ‹ዘ› አለች ወይ? እያት፤
ትንኝ ብታህልም የአገር በር ቁልፍ ናት።»

ብራናውን ወደ ጧፉ አስጠጋሁት።
«ዘ» በነበረችበት ብል በልቶ ቀዳዳ ሆኗል፤
በቀዳዳው የየኔታ ጉልበት ይታያል።

«ብል ፊደል ይበላል እንጂ ሥራ አይበላም» አሉ።
«ጉድጓድ አለበት?»
«የለም።»
«እንግዲያ የአርማንያው አይደለም። እሱ አሥራ አምስት ዓመት
ከጉድጓድ ኖሯል፤ አንዲት ባልቴት
ከላይ ቁራሽ እየጣለችለት።»
«ስሟ ማን ነው?»
«እንጃ፤ አልተጻፈላት።
ቀጥል። የደረቀ ሐይቅስ?»
«እሱም የለም።»
«ወንድማማች ቢጣሉበት ሐይቁን በጸሎት ያደረቀው
ተአምረኛውም ይቅር፤ ተወው።

ባስልዮስ የሚል አለ?»
በጣቴ ተከተልኩ። «አለ።»
«ወንድም ነው ወይስ ወዳጅ? አጥርተህ እይ፤
ከዚህች ላይ ስንት ሊቅ አዳልጦታል።
ወዳጁ የእንዚናዙው ነው፤ የእናቱ ልጅ የኑሲሱ።»
«‹እኁሁ› ይላል።»
«በል ጻፍ፤ ዘኑሲስ።
ጎን ለጎን አትጨናንቀው፣ ሰውየው ይተንፍስ።»

ቀትር ሳይደርስ ከአንድ ጋቢ አራት ሰው አውጥተን፣
እኔ እንኳ ኩራት ቢጤ ጀማምሮኝ፣
በሩ ተንኳኳ።

ወይዘሮ ማዘንጊያ ነበሩ። ከጃንጥላቸው ውሃ እየተንጠባጠበ፣
«ሰባት ዓመቱ ደረሰ» አሉ። «የባሌን የቄስ ገብረ እግዚእን
ዕለት ከመዝገቡ እዩልኝ፤ ተዝካሩን ላወጣ ነው፣
እኔ እንደሆንኩ ቀን ይጠፋብኛል።»

መዝገቡን ገለጥኩ።
ቄስ ገብረ እግዚእ፤ ግንቦት ዘጠኝ ዐረፈ።
ቄስ ገብረ እግዚእ፤ ግንቦት ሃያ ሦስት ዐረፈ።
አባት የለ፣ ሰፈር የለ፣ «ዘ» የለ።
ብል አልበላውም። ውሃ አልነካውም።
ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

የኔታ ዞር አሉና ግድግዳውን አዩ።
የሺህ ስድስት መቶ ዓመት ሙታንን ለያይተን
የሰባት ዓመቱ ጎረቤት ጠፋብን።

«የእኔማ» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ፣ ሳይቆጡ፣
«ጽናውን በግራው ነበር የሚይዘው፤ ቀኙን አዘዞ ላይ በቅሎ ሰብራበት።
ከወንጌል በፊት ሁለቴ ይስላል።
ሕፃን ሲያጠምቅ ደግሞ ውሃውን
አስቀድሞ በክርኑ ይለካል፤
‹ካህን እንዲህ አያደርግም› ቢሉት አይሰማ።
ሲቀበርም ጭቃ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ጫማ አውልቀው...»

«ያ ዝናብ!» አሉ የኔታ። «ግንቦት ሃያ ሦስት! ልጄ፣ ጻፍ።»
«ምን ብዬ?»
«ዘይሜጥን ማየ በኵርናዑ።»
«በግእዝ?»
«አዎ በግእዝ፤ ከእነ ኑሲስ በምን ያንሳል?»

ጻፍኩ። ሴትዮዋ ሄዱ።
ለሌላው ገብረ እግዚእ ማንም አልመጣም፤
ሲስል የሰማው፣ ሲስቅ ያየው
የት እንዳለ አላውቅም።
ከስሙ በኋላ «ዘ» ብዬ
ቀሪውን ባዶ ተውኩለት።

ከተቀደደው ጣራ አንዲት ጠብታ
ከ«ዘ» አጠገብ ወረደች፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር።
ዘልዬ፣ ሳላስበው፣
በክርኔ ጠረግኩት።