የግራ እግር ቦታ

ገላን፣ ከአውራ ጎዳናው በታች፣ ተሳቢ ሲያልፍ ቆርቆሮው በሚርድበት፣
የሙዘይን ጋራዥ አለ፤ በር የለው፣ ሁለት በርሜል የቆመበት።
እዚያ ተገፍታ ገባች የአባቴ ኦፔል፣ ሰናፍጭ ቀለሟ፣
ከሦስት ወር ወዲህ ወደ ኋላ ብቻ የሆነ አቅሟ።

ሙዘይን በጀርባው ተንሸራቶ ገባ፣ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ፤
ዘይቱን አሽትቶ ወጣ፣ ጣቱን በሱሪው አብሶ።
«እህቴ፣ አውቶማቲኩ አልቆለታል፤ እንዳረረ ሽሮ ይሸታል።
ዕቃው አይገኝም፤ ቢገኝም ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል።
ሶማሌ ተራ ግን ባለማርሽ ካምቢዮ አይቻለሁ፣
የአሮጌ ታክሲ፤ ጥርሱ ገና ያልተናደ፤
እሱን እንግጠምላት» አለና ሒሳቡን ኮፈኑ አቧራ ላይ ጻፈ፣
ቁጥሩ እስከ መብራቱ እየወረደ።

«ብቻ» አለ፣ «ፍሪሲዮን ትፈልጋለች። ወለሉ ይበሳል፣ በግራ።»
ግራ ገባኝ።
አርባ ዓመት ሙሉ፣ በዚያች መኪና ውስጥ
ግራ የሚባል አገር አልነበረም።

አባቴ ግራ እግሩን ሰሜን ትቶ፣ በቀኙ ብቻ ተመልሶ፣
ከአንድ አርመን ሰዓት ሠሪ ገዛት፣ ውዝፍ ደመወዙን ጨርሶ።
ሁለት ፔዳል ለአንድ እግር፤ «ኧረ ይተርፈኛል» ይል ነበር።
ሰው ሠራሹን አውልቆ በእኔና በምትኬ መሃል ያስቀምጠዋል፤
እኛ እስከ ደብረ ዘይት የጫማውን ክር
እናስራለን፣ እንፈታለን። እሱ በመስታወት ያየናል።

ረዳቱ ጉዲና ወንበሩን አወረደ፤ ምንጣፉን ገለጠ።
በቀኝ፣ ተረከዝ በልቶት ላሜራው ይታያል።
በግራ ግን እንደተገዛ ነው፤
ቀይ፣ ፀጉሩ ያልተኛ፣ ማንም ያልረገጠው፣
እንደ እንግዳ ክፍል።
ጉዲና በጠመኔ ክብ አሠመረ፤ መሠርሠሪያውን አስነሣ።
«ቆይ» አልኩ።
ለምን እንዳልኩ አላውቅም። መሠርሠሪያው አየር ላይ ሲሽከረከር ቆየ፤
ሙዘይን ወደ ጎን ዞሮ የሌለ ዳዶ ፈለገ።
መዳፍ የምታህል ቁራጭ በምላጭ ቆርጠው ሰጡኝ። ቦርሳዬ ከተትኳት።
ከሥሩ ምንም አልነበረም። ንጹሕ ብረት።
ከዚያ ተበሳ።

በሳምንት የተባለው ወር ከአሥር ቀን ወሰደ፤
መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ።
ቮላኖው አልገጥም ብሎ ቃሊቲ ቶርኖ ቤት ተላከ፤
ካርዳኑ ረዘመ፤ ተቆረጠ፣ ተበየደ፣ ዳግም ተለካከ።
ፔዳሏ የፊያት፣ ኬብሏ የአይሱዙ፣
ማርሹ ጫፍ ላይ ነጭ የከረንቡላ ኳስ።
«ዘመዶቿ በዙ» አለ ሙዘይን። «ለሠርጓ ማን ሊቀር ነው?»

ዛሬ ወጣን፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ፤ እሱ ከጎኔ።
መንዳት የተማርኩት በእሷው ነው፣ በቀኝ እግር ብቻ፣ እንደ አባቴ።
ጠፋች። አስነሣኋት። ዘለለች። ጠፋች።
ከኋላ ሲኖትራክ ጮኸ፤
ሲሚንቶ ላይ የተቀመጡ ወዛደሮች ሳቁብኝ።
«ቶሎ አትልቀቂው። በዓይንሽ አትፈልጊው፤
የሚይዝበት ቦታ አለ፣ በእግርሽ ስሚው።»
ግራ እግሬም እንደ ምንጣፉ ነው፤ አዲስ፣ ሥራ ያልነካው።
ሰማሁት።
ንክስ አደረገኝ፣ ጥርስ እንዳላወጣ ሕፃን።
አንደኛ። ሁለተኛ።
ከፋብሪካው አጥር ማዶ ሦስተኛ ስትገባ
ሙዘይን ምንም አላለም፤ መስኮቱን ብቻ ዝቅ አደረገ።

ማታ ግራ ባቴን አመመኝ።
አባቴንም ያመው ነበር፣ የሌለው እግሩ፣ ዝናብ ሲቃረብ፤
አልጋው ጫፍ ተቀምጦ አየሩን ያሻል።
እናቴ «እዚያ ምን አለ?» ስትለው
«ጣቶቼ» ይላታል።

ደጁ ጠቁሯል። ቀዩ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ነው።
ባቴን እያሸሁ ነው።