ካርቦን

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ «ማመልከቻ ይጻፋል» ከሚል ታፔላ ስር፣
አባቴ አሊጋዝ ሠላሳ ዓመት ሲጽፍ ኖሮ የሰው ችግር፣
አንድ ጧት እጁ አልታዘዝ ሲለው፣
ሱቁን ዘግተን ኮምፒዩተሩን ቤት አመጣነው።

ከአልጋ ስር ገፋነው። እዚያው ከረመ፤
ፊቱ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ቀለመ።
«ለልዋጭ ስጪው» አሏት እናቴን ጎረቤቶች፣
«አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ ቢበዛ ሁለት ኩባያዎች።»

ሰጥታው ነበር ለጥቂት።
እኔ ግን ካቻቢቴ ይዤ ቁጭ አልኩ አንድ ቅዳሜ ሌሊት፤
ማራገቢያውን ባሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ፣
የሜሞሪውን ጥርስ በላጲስ ፈተግሁ፣
ሁለት ሃርድ ዲስክ ገዛሁ፣ መንታ፣ እኩል የሚሞሉ፣
አንዱ የሰማውን ሌላው እንዲደግም ቃል በቃሉ።
ስክሪን ነሣሁት፣ ኪቦርድ ነሣሁት፤
ሊኑክስ ጭኜ «ጎታ» የሚል ስም ሰጠሁት።
ሌሊት፣ መብራት ካለ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣
ከየስልካችን ይቃርማል፣ ደመወዝ የለሽ ሠራተኛ።

እናቴ ጦይባ ጆሮዋን ጣል አድርጋ፣
«ምኑን ነው የሚያላምጠው እስኪነጋ?»
«ፎቶ ነው፣ እማ።»
«እሱ በልቶ ከጠገበማ
ለኛ ምን ሊተርፍ ነው?»

«አብሽሪ» አልኳት። አልሳቅኩም። እሷም አልሳቀችም።
ፎቶ ሲባል የሚታያትን አውቃለሁ፣ ለሰው አትናገርም፤
የሽሽቱ ሰሞን ጓሮውን በዶማ ቆፍራ፣
አልበሙን ለኮኩ ሥር ሰጥታ ነበር አደራ።
ስንመለስ ቤቱ ቆሟል። ዝናብ ግን ቀድሞን ወርዷል፤
ፊት ከፊት ተጣብቋል፣ ከጀርባ የተጻፈው ስም ፈስሷል።
ትንፋሿን ውጣ፣ በጥፍሯ ጫፍ ብታላቅቀው፣
ከአጎቴ ጉንጭ ላይ ቀረ
የዘሃራ ዓይን፣ የሙሽራዋ።

አባቴ ከወንበሩ፣ ቃል ከጠፋው እንጃ ስንት ወር፣
ያን ሌሊት ማራገቢያው ሲዞር፣
አንገቱን አቀና። የገዛ መኪናውን ድምፅ አወቀው።
ከንፈሩ ሲታገል ቆይቶ አንዲት ጥያቄ አመለጠው፦

«ካርቦን አስገብተሃል?»

ታይፕ ከሚመታበት ዘመን ነው የመጣው። ያኔ
«ዋናው ለመሥሪያ ቤት፣ ቅጂው ለባለጉዳይ» ይል ነበር ለኔ፤
«ሹም ይሻራል፣ ልጄ፣ መዝገብ ቤት ይቃጠላል፤
ድሃ በቅጂው ይከራከራል።»

«አዎ፣ አባ። ሁለት ቅጂ አለው።»
ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ተንቀሳቀሱ፣ ፊደል እንደሚፈልግ ሰው።
«ሁለቱም እዚህ?»

ሁለቱም እዚያው ነበሩ። አንድ ሆድ ውስጥ፣ አንድ ጣሪያ ስር፤
አንድ ሌባ፣ አንድ እሳት፣ አንድ ዝናብ የሚበቃው ነገር።

በነጋታው ሦስተኛ ዲስክ በእናቴ ሻሽ ጠቅልዬ፣
በሚኒባስ ቁልቁል ወረድኩ፣ ኮምቦልቻ አክስቴ ዘንድ ብዬ።
በየጠመዝማዛው ደረቴ ላይ ጥብቅ ሳደርገው፣
ከጎኔ የተቀመጡ ሴትዮ ጥቅሉን አየት አድርገው፣
«እንቁላል ነው እንዴ?» አሉኝ።
«ነው» አልኩ።
ዘንቢላቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ።