ሣሩ ሲገጥም

ዕቁቡ ወጣልን በስምንተኛው ወር፤
ላቀው ከጋራዡ በእግሩ መጣ፣ ታክሲ ሳይሳፈር፣
ብሩን ከጉያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲደረድር
(እጁ የራዲያተር ዝገት፣ ጥፍሩ የጥቁር ጥቁር)
«እንግዲህ ሰበብ የለም» አለኝ፣ «ዳግም እንሂድ፤ እንምረጥ አገር።»

ኮዬ ፈጬ ነን፣ አራተኛ ፎቅ፣
ውኃው በፈረቃ፣ መብራቱ ሲያሻው የሚጠልቅ።
ከበረንዳው ማዶ አስፋልት፣ ተጀምሮ ያላለቀ፣
ከሱ ወዲያ የጤፍ ማሳ፣ ካሳ ተከፍሎት የደረቀ፣
ከሱ ወዲያ ቦይ፣ ሣር ውጦት የተደበቀ።
እዚህ ቁጭ ብለን ነው እንግዲህ የምንመርጠው፣
እግዜር አንበሳውን የት እንዳስቀመጠው።

በካርቶን ጀርባ ጻፈ፣ በእርሳስ፣ አራት ስም፦
ማራ። ሰሬንጌቲ። አምቦሴሊ። ነጭ ሳር።
ጨው ልትበደር የገባች ሌሊሴ አንገቷን አሰገገች፣
«አምቦ ሰሊ?» አለች፤ እጇን አጣፍታ ሳቀች፤
«አምቦማ ቅርብ አይደል፣ በሆለታ፣ በሚኒባስ!
ሰሊ የሚሉትን ግን አልሰማሁም እስከዛሬ ድረስ።»

ላቀው አልሳቀም። እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣
ጀመረ ከአምቦሴሊ፣ ከዝሆኖቹ ተነሥቶ፦
«ተራራው ላይ ያለው በረዶ እያለቀ ነው አሉ፤ ሳያልቅ እንድረስበት።»
«ሳያልቅ ሊደረስበት የሚገባስ» አልኩት፣ «የእኔ ጉልበት።»
«ሰሬንጌቲ?» አለ። «ሜዳው ዳር የለውም፣ ዓይን ሄዶ ሄዶ ይደክማል።»
«እኛ ደግሞ» አልኩት፣ «ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ እንኳ እየተያየን እንጠፋፋለን፤ እዚያማ ይብሳል።»
«ነጭ ሳርስ? በብራችን ነው፤ ዶላር ፍለጋ ደጅ አንጠናም፣
የሜዳ አህያው የኛው ነው፣ በቋንቋም አንቸገርም።»
«አንበሳስ አለው?» «አለ የሚል አለ።»
«የለምስ የሚል?» «እሱም አለ።»

ማራ ላይ ሲደርስ እርሳሱ ቆመ።

ስምንት ዓመት ሆነው።
በሰማንያ የተጋባን ሰዎች
በሰማንያ ዶላር ስንነታረክ፣
እኔ «ማን ክፈል አለህ?» እሱ «ሰው ፊት አታዋርጂኝ»፣
ሹፌሩ ኪፕሮኖ ጣቱን ወደ ግራሩ ቀስሮ
አንዴ ጠራን። ሁለቴ። ሦስተኛውን ተወው።
ነብር ከግራሩ ወርዶ
በመኪናችን አፍንጫ ሥር አልፎ ሄደ።
ዞር ስንል የደረስነው በሣሩ ነው፤
ተከፍቶ የነበረ ረጅም ሣር
ከኋላው ቀስ ብሎ ሲገጥም፣
ቤት ሳይመታ ሲገጥም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ወጥ ሲያር ነብሩ ይነሣል፣
ቁልፍ ሲጠፋ ይነሣል፣ ባጀት ሲጎድል ይነሣል፤
«ያሳለፍሽብኝ አንቺ ነሽ»፣ «ያሳለፍክብኝ አንተ ነህ»።
ሠርግ ቤት ግን ላቀው ለሰው «አይተናል» ይላል፣
የጭራውን ርዝመት በክንዱ እየለካ ያሳያል፤
እኔም አጠገቡ ቁጭ ብዬ ራሴን እነቀንቃለሁ።

መብራት ጠፋ።
ሻማ ስዳብስ ከበረንዳው ጠራኝ፦ «ነይ። ቀስ ብለሽ።»

ጅብ።
በየሌሊቱ ድምፁን እንጂ መልኩን የማናውቀው ጎረቤት፣
ያላለቀው አስፋልት መሃል፣
የአንድ እግር ሸራ ጫማ ነክሶ።
በርቶ የማያውቀው የመብራት ምሰሶ ሥር ቆመ፣ አሸተተ፣
ጫማውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሣ፣
ልክ ዋጋ እንደሚያማርጥ ሰው።
ወደ ፎቁ ቀና አለ። ለማን እንደሆነ እንጃ።
የላቀው ትከሻ ትከሻዬን ነካው፤
የብረት ዝገት ሸተተኝ፤ አልተነጋገርንም።
ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ያህል ዝም ብለን አናውቅም።

ወደ ቦዩ ወረደ።
ሣሩ ተከፈተለት፤
ከዚያ ከጭራው ወዲህ፣
ቅጠል በቅጠል፣
መግጠም ጀመረ።

«ማራ ይሁን» አልኩት በሹክሹክታ።
«ዝም በይ» አለኝ፣ «ገና እያየሁ ነው።»